ምላስ የሚያርፍበት

ሟቹ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሞት ሰውን ያጎብጣል፤ ይህን ሰው ግን ብረት ደግፎታል። ከግንባሩ እስከ ትከሻው የሚይዝ ማቀፊያ ጭንቅላቱ ላይ ታስሯል። ከአገጩ ሥር አውራ ጣት የምታህል መሣሪያ ተለጥፋለች፤ ገመዷም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭኛው ክፍል ይወጣል። የትንሿ ክፍል ግድግዳ ድምፅ እንዳያስገባም እንዳያስወጣም በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል። እዚህ ውስጥ የጮኸ ሰው ለራሱ ብቻ ነው የሚጮኸው።

«አስም ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ተነሥቶበት ታፍኖ ሞቷል። የሰው እጅ አላረፈበትም።»

«እንግዲያው እኛን ምን አስጠራን?» አለ አዛዡ ሰዓቱን እያየ። አስከሬን ፊት ቆሞም ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

በመሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ወይዘሮ ቆይ» ነው የሚሏት። ፋይል ሊዘጋ ሲል «ቆይ»፣ ሰው ሊፈታ ሲል «ቆይ»፣ ሰው ሊታሰር ሲልም «ቆይ» ማለት ልማዷ ነው። አንድ የተሸረፈ የመንጋጋ ጥርስ አላት። ስታስብ ምላሷ እሱን ሲነካካ ጉንጯ ይንቀሳቀሳል፤ ጉንጯ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ አዛዡ ያን ቀን ምሳውን በጊዜ እንደማይበላ ያውቀዋል።

ከወንበሩ ኋላ ዞረች። ማቀፊያውን የሚያጠብቁት ብሎኖች ከማጅራት በላይ ናቸው። እጇን ወደ ራሷ ማጅራት ሰዳ ሞከረች፤ መንካት ትችላለች፣ ማዞር ግን አትችልም።

«ይህን ማን አሠረው?»

በሩ ላይ የቆመው የማሽን ባለሙያ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሰው ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው፤ ዓይኑ እስካሁን ቀልቷል።

«ሁልጊዜ የማሥረው እኔ ነኝ። ብቻውን የሚያሥረው የለም፣ ብቻውን የሚፈታውም የለም። ትናንት ግን ዶክተር በጊዜ ሂድ አሉኝ። ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ስገባ…» አለና አቆመ።

«መድኃኒታቸውስ?»

«ኢንሄለራቸው ከኮታቸው ኪስ አይለይም። ማቀፊያው ትከሻ ስለሚይዝ ሲታሠሩ ኮቱን ያወልቁና እዚህች ሁለተኛዋ ወንበር ላይ ያኖሩታል፤ እጃቸው እንዲደርስ። ክፍሉ ለማሽኑ ሲባል ይቀዘቅዛል። ብርድ ይቀሰቅስባቸዋል፣ ሳቅም ይቀሰቅስባቸዋል።»

ሁለተኛዋ ወንበር ባዶ ናት። ኮቱ ከክፍሉ ውጭ፣ የበሩ አጠገብ ማንጠልጠያ ላይ ነበር። ኮሌታው ተስተካክሏል፤ ከቁልፎቹ ሁሉ የላይኛው ብቻ ተቆልፏል። ኢንሄለሩ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ነው። መርማሪዋ ያችን አንድ ቁልፍ ቆማ አየቻት። ጉንጯ ተንቀሳቀሰ፤ አዛዡም ተነፈሰ።

«ሽቦ፣ ይህ ማሽን ምንድን ነው የሚሠራው?»

«አልትራሳውንድ ነው። እርጉዝ ሴት ሆድ ላይ የሚደረገው ዓይነት፤ እኛ አገጭ ሥር አድርገን ምላስን እናይበታለን።» ሥራው ሲነሣ ድምፁ ጸና። «ሰው ዝም ሲል ምላሱ የትም የሚወድቅ ይመስልዎታል አይደል? ዶክተር ሕይወታቸውን የጨረሱት አይደለም ሲሉ ነው። በዚህ ከተማ ቋንቋ ስንነጋገር፣ በንግግሩ መሃል ዝም ስንል ምላሳችን ዝቅ ብሎ የታች ጥርሳችንን ተደግፎ ይጠብቃል። በዶክተር የእናት ቋንቋ ግን ጫፉ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ድዱን ነክቶ ነው የሚጠብቀው። ሁለቱንም ከልጅነቱ አጥርቶ የሚናገር ሰው፣ በየትኛው ሊናገር እንደተዘጋጀ ገና አፉን ሳይከፍት ይታወቃል። እሳቸው ራሳቸው እንደዚያ ነበሩ።»

«ትናንት ማሽኑ ይሠራ ነበር?»

«ማይክራፎኑ ጠፍቷል። ምስሉ ግን ተቀድቷል።»

ስክሪኑን ከፈተው። በጥቁሩ መሃል አንዲት ነጭ ቀስት ትንቀሳቀሳለች፤ የሟቹ ምላስ ናት። ትናገራለች፣ ታርፋለች፤ እንደገና ትናገራለች፣ ረጅም ታርፋለች። ባረፈች ቁጥር ጫፏ ወደ ላይ ነው። ወደ መጨረሻው ትርበተበታለች፤ ያኔም ወደ ታች አልወረደችም።

«በእናታቸው ቋንቋ ነው የሚናገሩት» አለ ሽቦ ቀስ ብሎ። «ሲያርፉም መልስ እየጠበቁ ነው። ሰው ነበር።»

«በዚህ ከተማ ያን ቋንቋ ከእሱ ጋር የሚናገር ማን አለ?» አለ አዛዡ።

«ከታላቅ እህታቸው በቀር ማንም የለም።»

አዛዡ ፊቱ በራ። የሕንፃው ጥበቃ ከቀናት በፊት እህትየዋ ደረጃው ላይ ቆማ «ትንፋሽህ ይጥፋ!» ብላ ወንድሟን ስትረግም ሰምቷል። የረገመች አለች፣ ትንፋሹ የጠፋ አለ፣ ቋንቋውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ለአዛዡ ጉዳዩ አልቆ አድሯል።

«ዛሬ ሳይመሽ ትታሰር» አለ።

«ቆይ። እስከዚያ ቀኑ የእኔ ነው።»

የዶክተሩ ባለቤት የሕፃናት መዋያ መምህርት ናት። ልጅ የሌለበት ቤት እንደሚሆነው ቤቷ ሁሉ ነገሩ በቦታው ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ የወንድ ኮቶች ተሰቅለዋል፤ መርማሪዋ በእነሱ አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። ባለቤቲቱ ውሃ ቀድታ አቀረበችላት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሕፃን ሊያስተኛ የሚችል ድምፅ ነው።

«ትናንት እሱ ዘንድ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም። እዚያ የገባሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ባለፈው ሳምንት። አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ለማወዳደሪያ ፈልጎ አሳሠረኝ። የከተማውን ቋንቋ አነበብኩለትና መጣሁ።»

«የእሱን ቋንቋ አያውቁም?»

«አንዲት ቃል አላውቅም። እሱም ላስተምርሽ አላለኝ፣ እኔም አስተምረኝ አላልኩ። ይኸው አሥር ዓመት አለፈን።»

«ከእህቱ ጋርስ እንዴት ናችሁ?»

ሴትየዋ የብርጭቆውን ጠርዝ በጣቷ ዞረችው። «እትዬ ትወደኛለች ብዬ አልዋሽም። እጇ እጣቢ እጣቢ ይሸታል ነው የምትለኝ። እናቴ ሰው ቤት ዕቃ አጣቢ ነበረች፤ እሱን መንካቷ ነው። ግን ወንድሟን ትገድላለች አልልም። እግዜር አያናግረኝ።»

መርማሪዋ ስታዳምጥ ሴትየዋ እንዳላለቀሰች ልብ አለች። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አንዳንድ ሰው እንባውን በሌላ ቀን ጨርሶታል።

እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ክፍል ቤቷን የስፌት መኪና፣ የተከመረ ጨርቅና እሷ ተካፍለውታል። መርማሪዋን ስታይ ከመኪናው አልተነሣችም፤ ልትታሰር እንደሆነ ወሬው ደርሷታል።

«ረግሜዋለሁ!» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ጥበቃው ሰማ? እንዲሰማ ነው የጮህኩት! በቋንቋችን ብረግመው ማን ይሰማልኝ ነበር? እናታችን ስሙን እየጠራች ነው የሞተችው። ና አልኩት፤ ስብሰባ አለኝ አለኝ። ና አልኩት፤ ማሽን ሊገባልኝ ነው አለኝ። ስለ እናታችን ቋንቋ መጽሐፍ ይጽፋል፣ እናታችንን ግን አልቀበራትም!»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ምስክሬ ይቺ መኪና ናት፤ ትናገር ከሆነ ይጠይቋት።»

«እዚያ ማሽን ላይ ታሥረው ያውቃሉ?»

«እኔ? ስንት ጊዜ ለመነኝ! አገጬን ለማንም አላስነካም አልኩት። አፌ ውስጥ ምን አግብቶት።»

መርማሪዋ ፈገግታዋን ዋጠች። «የወንድምዎን ሚስት ይሰድቧታል ይባላል።»

«ማን ነው ያለው? በእሷ ቋንቋ አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም! እህቴ ነው የምላት፤ ስመጣም ስሄድም ስሜያት ነው።» ጨርቁን አጣጠፈች፣ እንደገና ዘረጋችው። «እውነቱን ካሉኝ፣ ከወንድሜ ጋር በቋንቋችን እናማታለን። እዚያው ፊቷ። እሷ አጠገባችን ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። ምን ታውቃለች፣ ምስኪን።»

«ምን እያላችሁ?»

«እንዲያው ቀልድ ነው። እጇ እጣቢ እጣቢ ይሸታል እለዋለሁ፣ ይስቃል። አሁን ምኑ ይነገራል ይሄ?»

«ቆይ ቆይ። ይህን በከተማው ቋንቋ ለሰው ነግረው ያውቃሉ? ለጎረቤት፣ ለደንበኛ?»

«ለማን ልነግር? ዞሮ ጆሮዋ ገብቶ እንድንጣላ? አበድኩ እንዴ?»

መርማሪዋ ስትወጣ ጉንጯ ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ባል ለሚስቱ ተርጉሞ ነግሮ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ክፉ ባል ሞልቷል። ስለዚህ ይህ ብቻ አይበቃም። ወደ ሽቦ ተመለሰች።

«ባለፈው ሳምንት የባለቤቱን ምላስ ቀድታችሁ ነበር። አሳየኝ።»

«እሱ እንኳ ተበላሽቷል» አለ ሽቦ። «እኔ እንደውም ልሰርዘው ነበር። ዶክተር ግን አዩት፣ እንደገና አዩት፣ ከዚያ ‹አልተበላሸም፣ እንዳትነካው› አሉኝ። ምን እንዳዩበት አልነገሩኝም። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።»

«የትኛው ቦታ ላይ ነው የተበላሸው?»

ሽቦ አሳያት። እሷም ቁጭ ብላ አየች፤ ከዚያ ሁሉንም እንዲጠራላት ለአዛዡ ስልክ ደወለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ውጭኛው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። እህትየዋ በሁለት ፖሊሶች መሃል ናት። ባለቤቲቱ ጥቁር ለብሳ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሽቦ ማሽኑ አጠገብ፣ አዛዡ ሰዓቱ አጠገብ።

«ጀምሪ» አለ አዛዡ።

«ዶክተሩን ከኋላ ያሠረው ሰው አለ» አለች መርማሪዋ። «ሽቦ ሄዷል። እትዬ ማቀፊያውን ነክተውት አያውቁም፤ የት ጋ እንደሚጠብቅ እንኳ አያውቁም። ይህን የሚያውቀው አንድ ጊዜ የታሠረበት ሰው ነው።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ልክ ነው። ወደ ኮቱ እንምጣ። ዶክተሩ ኮቱን ወንበር ላይ ይጥላል እንጂ አይሰቅልም። ይህን ኮት ግን የሆነ ሰው ከአጠገቡ አንሥቶ፣ ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ሰቅሎታል፤ ትከሻው እንዳይረግብም የላይኛውን ቁልፍ ቆልፎታል። ዛሬ በአንድ ቤት መግቢያ ላይ የተሰቀሉ ኮቶች አየሁ። አንዱም ሳይቀር እንደዚሁ ነው የተቆለፉት።»

የባለቤቲቱ እጅ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የእኔ ቤት ነው» አለች። «ግን ኮቱን ጠዋት እኔ ነኝ የሰጠሁት። ተቆልፎ ወጥቶ ይሆናል።»

«ቆልፎ ለብሶት፣ ሳይፈታ አወለቀው? እሺ፣ እሱም ይቅር። ቋንቋው ነው የሚያስቸግረን። ዶክተሩ እስኪሞት የተናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አንዲት ቃል አያውቁም።» መርማሪዋ ወደ እህትየዋ ዞረች። «እትዬ፣ ስለ እጇ የሚሉትን የት ነው የሚሉት?»

እህትየዋ መሬት መሬት አየች። «በቋንቋችን። ለወንድሜ።»

«ባለቤቱ ግን ዛሬ ጠዋት ቃል በቃል ነገሩኝ።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ባሌ ነግሮኝ ነው» አለች ባለቤቲቱ።

«ይሆናል አልኩ እኔም። ሽቦ፣ ያን የተበላሸውን ክፈተው።»

ነጯ ቀስት ስክሪኑ ላይ ወጣች። «ይኸው፣ እያነበቡ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሲያርፉ ምላስዎ ታች ነው፤ እንደ እኔ፣ እንደ ሽቦ። አሁን ምን ሆነ ሽቦ?»

«እዚህ ጋ ዶክተር ስልክ ተደወለላቸው። እህታቸው ነበሩ። እዚያው አጠገባቸው ቆመው በቋንቋቸው ያወሩ ጀመር። ባለቤታቸው ታሥረው ዝም ብለው ይጠብቃሉ።»

ነጯ ቀስት ቀስ ብላ ተነሣች። ጫፏ ወደ ላይ ወጣ፣ ከጥርሱ ጀርባ ደረሰ፣ እዚያው ተቀመጠ። ሽቦ ሳይታዘዝ የሟቹን ምስል ከጎኑ ከፈተው። ሁለቱ ምላሶች በአንድ ቦታ አርፈዋል።

«አፍዎን አልከፈቱም» አለች መርማሪዋ። «ምላስዎ ግን ሊመልስ ተዘጋጀ። በሌላ ቋንቋ የሚጠብቅ ምላስ ያንን ቋንቋ ከእናት ጡት ጋር የጠጣ ምላስ ነው። ባልዎ ይህን አይቶ ሳቀ። ሽቦን በጊዜ ሸኘው፣ ጥበቃው እርስዎን አላየም፤ የኋላውን በር ራሱ ከፍቶ አስገባዎት።»

ባለቤቲቱ ስክሪኑን አየችው። ለረጅም ጊዜ ነው ያየችው።

«እንዲህ ዓይነት መሣሪያ አንድ ጊዜ ልጄን አሳይቶኛል» አለች። «ያኔ ሆዴ ላይ ነበር።»

እሷ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ቀጠለች።

«እናቴ ከእነሱ አገር ናት። ይህን ቋንቋ ከቤት እንዳታወጪው፣ ካወጣሽው እንደኔ ዕቃ አጣቢ ሆነሽ ትቀሪያለሽ እያለች አሳደገችኝ። እሱን ሳገኘው ግን ደስ አለኝ። እትዬ ለራት የጠሩኝ ቀን፣ በቋንቋቸው ሰላም ልላቸው ቀኑን ሙሉ ስለማመድ ዋልኩ። ሳልጀምር እሳቸው ስለ እጄ ተናገሩ። እሱ ሳቀ። አፌን ዘጋሁ። አንዴ ከዘጋሁት በኋላ በምን ቀን ልከፍተው?»

«እህቴ…» አለች እህትየዋ።

«ልጄ የሞተብኝ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቼ እጄን ይዞኛል። በሌላው እጁ ስልክ ይዟል። ለእርስዎ ምን እንዳለዎት ያስታውሳሉ እትዬ? ‹ከእሷ ሳይወለድ መቅረቱ ይሻላል› አለ። እጄን ግን አለቀቀም። እኔም ፈገግ አልኩለት፤ የሚያጽናናኝ እንደ መሰለኝ ሆኜ።»

እህትየዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«ትናንትስ?» አለች መርማሪዋ።

«ምላሱን ከእኔው ጋር ሊያወዳድር እሰሪኝ አለኝ፤ አሠርኩት። የምንናገረውን ሌላ እንዳይሰማው ማይክራፎኑን አስጠፋኝ። በቋንቋው ‹ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚን?› አለኝ። የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ሳቀ። አሥር ዓመት! እንዲህ ያለ ሰው ማንም አግኝቶ አያውቅም አለኝ። ስብሰባ ሊወስደኝ፣ ምላሴን በትልቅ ስክሪን ለሰው ሊያሳይ። ዝም ብዬ ጠበቅኩት። የሆስፒታሉ ነገር ትዝ ይለው እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩት። ትዝ አላለውም። እየሳቀ ሳል ያዘው።»

«ከዚያስ?»

«‹ኮቴን› አለኝ። በቋንቋው ነው፤ ሌላው ቋንቋ ጠፍቶት ነበር። ደጋግሞ ‹ኮቴን፣ ኮቴን› አለኝ።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አልገባኝም አልኩት። በከተማው ቋንቋ። አሥር ዓመት ያልገባኝ ሴት ያን ቀን ብቻ ምን ይገባኛል? ኮቱን አንሥቼ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ።»

«ሰቀሉት» አለች መርማሪዋ።

«ሰቀልኩት። ካልተቆለፈ ትከሻው ይረግባል።»

አዛዡ ለፖሊሶቹ በእጁ አመለከተ። ከእህትየዋ አጠገብ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መርማሪዋ ነጻ ያወጣቻትን ሴት አየቻት፤ ነጻ የወጣ ሰው ፊት አልነበረም። ልማዷ ሆኖ «ቆይ» ልትል ምላሷ የተሸረፈው ጥርስ ላይ ደረሰ፤ የሚያስቆይ ነገር ግን አላገኘችም።

ባለቤቲቱ በሩ ጋ ስትደርስ ከባሏ እህት ፊት ቆመች። በቋንቋቸው አንድ ነገር አለቻት። አጭር ነበር። ማንም የሰማው ሰው እዚያው አገር ተወልዳ ያደገች ይላት ነበር፤ ያን ያህል የጠራ ነበር። ከዚያ ፖሊሶቹን ቀድማ ወጣች።

እህትየዋ ከግድግዳው ተደግፋ ቀረች። እንባዋ ገና አልመጣም።

«ምን አለችሽ?» አለ አዛዡ።

ነጠላዋን ሳበች፣ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ሁለቱ ምላሶች አሁንም ጎን ለጎን አሉ።

«አልገባኝም» አለች።